ዊንዶውስ 7 ላይ ተንደርበርድ አልጫን ሲል፦ ከምዕራብ ጎጃም የአንድ ቢሮ ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም አልጫን ካለ በኛ አካባቢ መድሃኒቱ የታወቀ ነው፣ ፎርማት አርገው ይባላል፣ ዊንዶውሱ ይጠፋል አዲስ ይጫናል በቃ። እዚህ ቢሮም ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜል ፕሮግራም አልጫን ሲል ሊደረግ የነበረው እሱ ነው። ዊንዶውስ 10 የተዘጋጀበት ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሂሳብ ሰራተኛዋ ሞቼ ነው ቆሜ ባትል ኖሮ ያን ቀን አልቆለት ነበር። የሚገርመው ግን ፎርማት ቢደረግም ኢሜሉ አይሰራም ነበር፣ ምክንያቱም ከተደራረቡት ሦስት ችግሮች ዋናው ያለው ዊንዶውሱ ጋ አይደለም። ስለዚ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፣ ሌላ ወረዳ ላይ ተመሳሳይ ማሽን ፊት የተቀመጠ ሰው ካለ ቢያንስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። የሰዎቹንም የቢሮውንም ስም ትቻለሁ።

ቢሮውና ማሽኑ

ቢሮው ከቡሬ ብዙም የማይርቅ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ነው። በቆሎና በርበሬ ይሰበስባሉ፣ ማዳበሪያ ያከፋፍላሉ። አዲስ አበባ ያለው ገዢ የዋጋ ዝርዝሩን በኤክሴል አያይዞ በኢሜል ይልካል፣ መልስ ካልደረሰው ወደ ሌላ ማኅበር ይሄዳል፣ ስለዚ ኢሜሉ የጌጥ ነገር አይደለም የበቆሎ ዋጋ ነው። አድራሻው ተራ ጂሜል ነው።

ድሮ በብራውዘር ነበር የሚከፍቱት። ኔቱ ሲደክም ጂሜል ቤዚክ ኤችቲኤምኤል የሚባል ቀለል ያለ ገጽ ነበረው፣ ብዙ የክፍለ ሀገር ቢሮ በሱ ነው የኖረው። ጉግል ያን ገጽ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ ዘጋው። ከዛ በኋላ የሚመጣው ሙሉው ከባዱ ገጽ ነው፣ ማሽኑ ላይ ያለው ክሮም ደግሞ 109 ላይ ቆሟል፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ከዛ በላይ የሚባል ክሮም የለም። ገጹ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል፣ ተከፍቶ ሳያልቅ ኔቱ ይሄዳል፣ እንደገና ከዜሮ።

ስለዚ አንድ ሰው ተንደርበርድ ጫኑ አላቸው። ሀሳቡ ትክክል ነው፣ ኔት ባለ ሰዓት መልእክቱን ወደ ማሽኑ ያወርደዋል፣ ኔት ሲጠፋ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማንበብም መልስ መጻፍም ይቻላል፣ ኔት ሲመለስ ይልከዋል።

ማሽኑ ዴስክቶፕ ነው፣ 2 ጂቢ ራም፣ ዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን በፈረንጅ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ላይ መደገፍ አቁሟል፣ ይሄን ቢሮውም ያውቃል። ግን ማሽኑ ላይ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም አለ፣ የስንት ዓመት የአባላት ሂሳብ ያለበት፣ የተጫነበት ሲዲ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም አለ፣ ፕሪንተሩም ድራይቨሩ እዛ ማሽን ላይ ብቻ ነው ያለው። ሂሳብ ሰራተኛዋ ስለ ፎርማት ስታነሳባት «ፒችትሪው ከጠፋ እኔም አብሬ ጠፋሁ በለው» ነው የምትለው፣ እውነቷንም ነው።

ከኛ በፊት የተሞከረው

ቢሮውን አልፎ አልፎ የሚያግዝ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ተንደርበርድ አውርዶ አምጥቶ ከፈተው፣ ይሄ ስሪት ዊንዶውስ 10 ወይም ከዛ በላይ ይፈልጋል የሚል መልእክት አውጥቶ ተዘጋ። ከዛ በራይት ክሊክ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር፣ ያው። ከዛ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ፣ ያው። ከዛ አንቲቫይረሱን አጠፋው፣ ያው። አንቲቫይረሱ እንደጠፋ ቀረ፣ ይሄን በኋላ እመለስበታለሁ።

ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ጊዜውን የሚያቃጥለው። እሱ ነገር የተሰራው አሮጌ ፕሮግራም አዲስ ዊንዶውስ ላይ እንዲሄድ ነው። ዝርዝሩን ከፍታችሁ ብታዩት ዊንዶውስ 7 ላይ ያሉት ምርጫዎች ኤክስፒ፣ ቪስታ፣ ምናምን ናቸው፣ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ዊንዶውስ 7ን ዊንዶውስ 10 ነኝ የሚያስብል ምርጫ የለውም፣ ቢኖረውም እንኳ ፕሮግራሙ የሚጠራቸው ነገሮች ሲስተሙ ውስጥ ስለሌሉ ተከፍቶ ይወድቃል።

ከዛ ልጁ ከጓደኛው የድሮ ስሪት ነው ተብሎ ሌላ ፋይል በፍላሽ አመጣ። እሱም አልገባም። በቃ ማሽኑ አርጅቷል ፎርማት ይደረግ ተባለ፣ ስልክ የተደወለልኝ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ችግር፦ የትኛው ስሪት

ፕሮግራሙን ከመንካቴ በፊት ማሽኑን ነው ያየሁት። ኮምፒውተር የሚለውን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። እዛ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይነበባል፣ ዊንዶውሱ ምን እንደሆነ፣ ሰርቪስ ፓክ የሚባለው የማሻሻያ ጥቅል እንዳለውና እንደሌለው፣ ሲስተም ታይፕ 32 ቢት ይሁን 64። የኛው ዊንዶውስ 7፣ ሰርቪስ ፓክ 1፣ 32 ቢት ነበር። ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ከዛ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ወረቀት ጋር እየታየ ነው።

ተንደርበርድ 115 የሚባለው ስሪት በፈረንጆቹ 2023 ሐምሌ አካባቢ የወጣ ነው፣ ዊንዶውስ 7ንና 8ን የሚቀበለው የመጨረሻው ቤተሰብ እሱ ነው። ቀጥሎ በ2024 የወጣው 128 ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ልጁ ያመጣው 128ን ነው። ሳይቱ ላይ ዳውንሎድ የሚለውን ትልቁን ቁልፍ ከነካህ የሚሰጥህ የመጨረሻውን ነው፣ የድሮዎቹ ግን አልጠፉም፣ የሞዚላ የድሮ ፋይሎች ማስቀመጫ ውስጥ በየስሪቱ ፎልደር ተደርድረው አሉ። ኤክስፒ ወይ ቪስታ ያለው ሰው ደግሞ ከ52 በላይ አይሞክር፣ እነሱ እዛ ላይ ነው የተቆረጡት።

ሁለተኛው ችግር፦ 32 እና 64

ታዲያ ከጓደኛው የመጣው ፋይል 115 ነበር፣ ስሪቱ ትክክል ነው፣ ለምን አልገባም? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ማስቀመጫው ውስጥ ዊን 32 እና ዊን 64 የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች አሉ፣ ውስጣቸው ያለው ፋይል ግን ስሙ ቁርጥ አንድ ነው። ተንደርበርድ ሴትአፕ ከዛ የስሪቱ ቁጥር፣ አለቀ። የትኛው የ32 የትኛው የ64 እንደሆነ ስሙ ላይ አይጻፍም። ፋይሉ አንዴ ከፎልደሩ ወጥቶ ፍላሽ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም። የጓደኛው ላፕቶፕ 64 ስለነበር ያወረደው የራሱን ነው፣ የ64ቱ ደግሞ ባለ 32 ዊንዶውስ ላይ አይሄድም።

እኔ የ32ቱን ከተማ ላይ ኔት ሻል በሚልበት ቦታ አውርጄ ወዲያው ስሙን በአማርኛ ቀየርኩት፣ «ተንደርበርድ 115 ባለ 32» ብዬ። ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር ነው፣ ግን እዛ ፍላሽ ላይ አሁን ሦስት ሴትአፕ አለ፣ ሁሉም አንድ አይነት አርማ።

ሌላው ፍላሹ ራሱ ነው። የልጁን ፍላሽ ስከፍተው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ ያ የታወቀው የሾርትከት ቫይረስ፣ አንቲቫይረሱ ደግሞ ጠፍቶ ነው ያለው። ስለዚ መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ተመልሶ በራ፣ ማሽኑም ፍላሹም ተፈተሸ፣ ያመጣሁት ፋይል ደግሞ ከመከፈቱ በፊት ተመረመረ። መመርመሪያው ዊንዶውስ 7 ውስጥ ያለ ነው፣ ምንም አይጫንም፣ ጥቁሩን ኮማንድ መስኮት ከፍተህ ሰርትዩቲል በሚለው ትእዛዝ የፋይሉን ሻ 256 ታወጣለህ፣ ረዥም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ነው፣ ያን ሞዚላ እዛው ፎልደሩ ጋ ካስቀመጠው ዝርዝር ጋር ታመሳክራለህ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ወይ ሲወርድ ተቆርጧል ወይ አንድ ነገር ነክቶታል ማለት ነው። ሃምሳ ምናምን ሜጋ ባይት ፋይል እየተቆራረጠ በሚመጣ ኔት ስታወርድ ይሄ ቅንጦት አይደለም። የኛው ገጠመ።

ከዛ ተጫነ። ምንም ሳይል፣ ኔክስት ኔክስት ፊኒሽ። ቢሮው ውስጥ እፎይታ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጁም ቡና በሉ አሉ።

ሦስተኛው ችግር፦ ተጭኖ ግን ኢሜል የለም

ስምና አድራሻ አስገብተን ኮንቲኒው ስንል ተንደርበርድ ለዚህ ኢሜል አድራሻ ሴቲንግ ማግኘት አልቻልኩም አለ። ጂሜልን! ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን። ልጁ ወዲያው «አየህ፣ ዊንዶውሱ ነው» አለኝ።

ኔቱ ነው እንዳልል ስልኬ በዛው ኔት ይሰራል። በእጅ ላስገባው ብዬ አድቫንስድ ኮንፊግ ገባሁ፣ መቀበያው አይማፕ ዶት ጂሜል ዶት ኮም፣ ፖርት 993፣ መላኪያው ኤስኤምቲፒ ዶት ጂሜል ዶት ኮም፣ ፖርት 465፣ ሁለቱም ኤስኤስኤል፣ መግቢያው ኦአውዝ 2፣ ማለትም በራሱ በጉግል ገጽ በኩል መግባት። መልእክት አምጣ ሲባል አንድ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያለበት መስኮት ብቅ አለ። የሰርተፍኬቱ (ሰርቨሩ እውነተኛው መሆኑን የሚያሳየው፣ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው መታወቂያ) መረጃ ጊዜው አይደለም፣ አሁን ዋጋ የለውም ይላል፣ ከታች ደግሞ ኤክሴፕሽን ልጨምር ወይ የሚል ቁልፍ አለ። ልጁ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ ያዝኩት። ያ ቁልፍ ሰርተፍኬቱን ባላምነውም ዝም ብለህ አሳልፍ ማለት ነው፣ ጂሜል ላይ ይሄ መስኮት ከመጣ የተበላሸው ጂሜል ሊሆን አይችልም፣ ወይ መሀል የገባ ሰው አለ ወይ ማሽንህ ጋ ችግር አለ። ለጊዜው ማለፍ ቢቻል እንኳ የጉግል መግቢያ ገጽ በዚህ አይታለልም።

ቪው የሚለውን ተጫንኩና ሰርተፍኬቱን ከፈትኩት። ከዚህ ቀን ጀምሮ ይሰራል የሚለው ቦታ ላይ 2024 ነው የሚለው። ቀና ብዬ ከታች በስተቀኝ ያለውን ሰዓት አየሁ። 4፡10 ይላል፣ ከስሩ 2/12/2017። ማውሱን ሳሳርፍበት ሰንዴይ ፌብሩዋሪ 12 2017 አለ። እሑድ ነው ይላል። እኛ ያለነው ማክሰኞ ነው፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ የወሩ ሚካኤል። ስልኬ ላይ በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 10፡10።

ማንም አልተሳሳተም፣ ቀኑም ሰዓቱም ትክክል ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ ቀኑ 12፣ ዓመቱ 2017፣ ሰዓቱ አራት ከአስር። ዊንዶውስ ግን በፈረንጅ ነው የሚያነበው፣ ለሱ ፌብሩዋሪ 2017 ነው፣ የጂሜል ሰርተፍኬት ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት አይቶ እምቢ ማለቱ ትክክለኛ ሥራው ነው። ሴቲንጉን ማግኘት ያቃተውም በዚሁ ነው፣ ተንደርበርድ የጂሜልን አድራሻዎች የሚጠይቀው በኤችቲቲፒኤስ፣ በተመሰጠረው መስመር፣ ከሞዚላ ነው፣ እሱም ሰርተፍኬት አለው።

ቀኑን ማን ያስገባል፣ ለምንስ

«እትየ፣ ይችን ሰዓት ማን ነው የሚያስተካክላት?» አልኳት ሂሳብ ሰራተኛዋን።

«እኔ ነኝ እንጂ ማን አለ። ጠዋት ስከፍተው ኤፍ 1 ተጫኝ ይላል፣ እጫነዋለሁ፣ ከዛ ቀኑን አስገባለታለሁ። ምነው፣ ጥፋት አለው?»

ለምን በኛ አቆጣጠር እንደምታስገባ ስጠይቃት ምክንያቷ ፍጹም ልክ ነው። ደብዳቤ ዎርድ ላይ ነው የምትጽፈው፣ ቀን አስገባ የሚለውን ስትጫን 12/02/2017 ብሎ ራሱ ያወጣላታል፣ ደብዳቤው ራስጌ ላይ የሚፈለገው ቁርጥ እሱ ነው። የሚያስቸግራት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፣ ማሽኑ ፌብሩዋሪ ነው የሚመስለው 29ና 30 አይቀበላትም፣ ያኔ 28 ላይ አቁማ ቀሪውን በእጇ ትጽፋለች። «ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም» ብላ ሳቀች። ይሄን ሁሉ ራሷ ደርሳበት ነው፣ ማንም አላሳያትም። ከኔ በፊት ማሽኑን ያየ ባለሙያ ሁሉ ደግሞ ሰዓቷን አይቷታል፣ የሚያየው ሁሉ ሀበሻ ስለሆነ 2017 የሚለው ቁጥር ዓይኑን አልቆረቆረውም። እኔንም ያስቆመኝ ሰርተፍኬቱ ላይ ያየሁት 2024 ነው።

ያ ኤፍ 1 ተጫኝ የሚለው ደግሞ ዋናው ፍንጭ ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። መብራት ካልጠፋ ማሽኑ ከግድግዳው ትንሽ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ሰዓቱን ይይዛል፣ ማታ መብራት ከሄደ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ስለዚ ፎርማት ቢደረግ፣ ዊንዶውስ 10 ቢጫንበት፣ አዲሱ 128 ቢገባበት፣ ጠዋት እትየ 12/02/2017 ብላ ታስገባለች፣ ኢሜሉም አይከፈትም።

የተደረገው፣ ያልያዘውና የያዘው

ቀኑን በፈረንጅ አስተካከልን። ታይም ዞኑ የአሜሪካ ነበር፣ ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ስለሌለ ናይሮቢ የሚለውን መረጥን፣ ሦስት ሰዓት ሲደመር፣ የኛው ነው። ከዛ ኢንተርኔት ታይም የሚለው ጋ አፕዴት ናው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ቀኑ ተሳስቶ እያለ ያን ቁልፍ ብትነካው ዊንዶውስ ለደህንነት ሲባል ቀኑ ስላልገጠመ አላስተካክልም ይልሃል። በራሱ ጊዜ የሚያስተካክለውም ከ15 ሰዓት በላይ የሆነ ልዩነት ካየ አይነካውም፣ እሱም በሳምንት አንዴ ነው የሚሞክረው። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱ ራሱ ይስተካከላል ብሎ ይተዋል፣ በሰባት ዓመት የተሳሳተን ግን ሰው ነው መጀመሪያ የሚጠጋው።

ቀኑ እንደተስተካከለ ተንደርበርድ ያን ያላገኘውን ሴቲንግ በሴኮንዶች አገኘው። የጉግል መግቢያ ገጽ ተከፈተ፣ ፓስወርድ ገባ፣ ከዛ ወደ ስልክዎ ኮድ ልከናል አለ። ወደ ማን ስልክ? ሥራ አስኪያጁ ስልካቸውን አወጡ፣ ምንም የለም። አድራሻውን የከፈተችው የድሮ ጸሐፊ ናት፣ አግብታ ደብረ ማርቆስ ገብታለች፣ ኮዱ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ጋሼ ራሳቸው ደወሉላት፣ ሰላምታው ብቻውን የኮዱን ጊዜ ጨረሰው፣ ልጆቹ እንደት ናቸው፣ ክረምቱ እንደት አለፈ፣ እናትሽስ፣ እስከዛ ኮዱ ሞተ። ሁለተኛው ሰላምታ ሳይኖር ገባ። ወዲያው ከአካውንቱ ሴቲንግ ላይ የሷ ቁጥር ወጥቶ የቢሮው ገባ፣ ምትክ ኮዶቹም ታትመው ካዝናው ውስጥ ተቀመጡ። ልጁ ድሮ የሚያውቀው አቋራጭ ነበር፣ ሌስ ሴኪዩር አፕስ የሚለውን አብርቶ በፓስወርድ ብቻ መግባት፣ እሱን ግን ጉግል በፈረንጆቹ ሜይ 30 ቀን 2022 ለግል አካውንቶች አቁሞታል፣ አሁን በኦአውዝ ወይም በባለ 16 ፊደሉ አፕ ፓስወርድ ነው።

የመጀመሪያው መልእክት ሲገባ ርእሱ በአማርኛ ነበር፣ የነጭ በቆሎ ዋጋ ይላል፣ ፊደሉም አልተበላሸም፣ ዊንዶውስ 7 ኒያላ የሚባለው ፎንት ስላለው።

ጠዋት ግን መብራት አድሮ ጠፍቶ ነበር፣ ማሽኑ ወደ ፋብሪካው ቀን ተመልሷል፣ ቢጫው መስኮትም መጥቷል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ባትሪዋ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ብር የምታህል ነገር ናት፣ የሰዓት ዕቃ የሚሸጡ ጋ አትጠፋም። ከቡሬ ገበያ አንድ ተገዝታ ገባች፣ እሷም አልያዘችም። ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ወስደን በሜትሩ ሲለካት 2 ቮልት ምናምን፣ አዲስ ባትሪ 3 ቮልት አካባቢ መሆን ነበረባት፣ ስንት ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠች እግዜር ይወቅ። ቀጣይዋን ከመግዛታችን በፊት እዛው አስለካናት። እሷ ናት የያዘችው። ባትሪ ሲቀየር ገመዱ ከግድግዳ ይነቀላል፣ ከዛ ባዮስ ውስጥ፣ ከዊንዶውሱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ፣ ገብቶ ቀኑን አስገብቶ ሴቭ ማለት ነው።

የቀረው የእትየ ደብዳቤ ነው፣ ይሄን ሳይፈቱ መሄድ ነገ ተመልሶ 2017 እንዲሆን መፍረድ ነው። የደብዳቤው ቴምፕሌት ላይ ቀኑ ራሱ የሚገባበትን አወጣነውና ክፍት ቦታ አደረግነው፣ ቀኑን በእጇ ትጽፋለች። «ስንት ሰከንድ ይፈጃል ብለህ ነው» አለች፣ ጳጉሜንም እንደማንኛውም ወር መጻፍ መቻሏ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ዳታ እንዳይበላ የተደረገው

ተንደርበርድ እንደተገናኘ ሁሉንም ማውረድ ነው የሚጀምረው፣ የስንት ዓመት መልእክት ከነአባሪው፣ ጥቅሉ ሳይጀመር ያልቃል። የአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ሲንክሮናይዜሽን የሚለው ጋ የቅርቡን 30 ቀን ብቻ አልነው። ኦል ሜይል የሚባለውን ፎልደር ደግሞ ከዝርዝሩ አወጣነው፣ ጂሜል እያንዳንዱን መልእክት ኢንቦክስም ኦል ሜይልም ላይ ስለሚያሳይ አንድ ነገር ሁለቴ ያወርዳል። ከ50 ኪሎ ባይት በላይ የሆነውን አታውርድ የሚል ምርጫም አለ፣ መጀመሪያ አብርተነው ነበር ግን አልተመቸም፣ የዋጋ ዝርዝሩ ራሱ ከዛ ይበልጣል፣ ኔት ሲጠፋ የሚፈለገው ደግሞ እሱ ነው። ወደ 2 ሜጋ ከፍ አደረግነው።

ለሌላ ቢሮ የሚሆነው

እኔ ከዚህ የያዝኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ማሽኑ ምን እንደሆነ ሳይጻፍ ፋይል ማውረድ የለም፣ ስሪቱንም ቢቱንም የሚወስነው ያ ወረቀት ነው። እምቢ ያለ ሴትአፕ መልእክት ካወጣ መልእክቱ ይነበብ፣ እዚህ ቢሮ የመጀመሪያው መልእክት ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል ብሎ በግልጽ ነግሮ ነበር፣ ከዛ በኋላ አድሚኒስትሬተር ማለትም አንቲቫይረስ ማጥፋትም የሚጨምረው ነገር አልነበረም። አንዱ ችግር ሲፈታ ሌላው ብቅ ካለ ደግሞ የመጀመሪያው መፍትሄ ስህተት ነበር ማለት አይደለም፣ ልጁ ሦስቱንም አንድ ችግር አድርጎ ስላያቸው ነው ዊንዶውሱ ላይ የፈረደው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰርተፍኬት የሚል ስህተት ባያችሁ ቁጥር ግን ከሁሉ በፊት ዓመተ ምሕረቱን እዩ፣ ቁጥሩ ትክክል የመሰለ እንደሆነ ደግሞ የቀኑን ስም እዩ፣ ማውሱን አሳርፋችሁ። ቁጥሩን የራሳችን አቆጣጠር ይሸፍነዋል፣ የሳምንቱን ቀን ግን ማሽኑ ከፈረንጁ ቀን አስልቶ ስለሚጽፈው ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። ሰውየውን ወይ ሴትየዋን ደግሞ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠይቁ፣ ምክንያት ሳይኖረው በየጠዋቱ ሰዓት የሚሞላ ሰው የለም፣ ያ ምክንያት ካልተፈታ ማስተካከላችሁ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ያላለቀው

ማሽኑ አሁንም ዊንዶውስ 7 ነው፣ አዲስ የደህንነት ማስተካከያ አያገኝም፣ ተንደርበርድ 115ም የቆመ ስሪት ነው። ሂሳቡ ባለበት ማሽን ላይ ከውጭ የሚመጣ አባሪ መክፈት ጥሩ አይደለም፣ ይሄን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ለጊዜው ኤክሴልና ፒዲኤፍ ብቻ እንዲከፈት፣ ያውም ከሚያውቁት ላኪ፣ ሌላው ስልክ ላይ እንዲታይ ተስማምተናል። አስተዳደር ኮሚቴው ለኢሜል ሁለተኛ ማሽን ለመግዛት ተነጋግሯል፣ የበቆሎው ክፍያ ሲገባ ተብሏል። እስከዛ አርብ አርብ እትየ የፒችትሪውን ባክአፕና አፕዳታ በሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የተንደርበርድ ፎልደር ቫይረስ ወደሌለበት አዲስ ፍላሽ ትገለብጣለች፣ የተገለበጠበትን ቀንም መዝገቡ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ትጽፋለች።